ግድቡ ተመርቆ የሱሉልታ መብራት ለምን ይጠፋል? ለሚቀጥሉት 15 ዓመታትስ ምን ይታቀድ?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «በሱሉልታ የአንድ ሰፈር የልማት ኮሚቴ አባል ነኝ። ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ እያለ እኛ ዘንድ መብራት አሁንም ደጋግሞ ይጠፋል። ከነዋሪው ግማሹ ገንዘብ አዋጥተን ትልቅ ጄነሬተር እንግዛ ይላል። ሌላው ደግሞ ግድቡ ስላለቀ ነገሩ በራሱ ይስተካከላል፣ እንታገስ ይላል። ሰፈሩ በየዓመቱ እየሰፋ ነው። ለሚቀጥሉት 10 እና 15 ዓመታት አካባቢያችን ኃይል እንዳያጣ ምን ብለን እናቅድ?»

መልስ፦ ጄነሬተሩን አትግዙ፤ ዝም ብላችሁም አትጠብቁ። በኤሌክትሪክ ስርጭት ዕቅድ ላይ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ፤ ከከተማ ዳር ሰፈሮች ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች የእርስዎን ያህል በጊዜው የመጣ የለም። ብዙ ኮሚቴዎች የሚጠይቁት ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው። እርስዎ ገና ቦታና ጊዜ እያለ ስለጠየቁ መልሱን ዘርዘር አደርገዋለሁ።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ኃይሉ የሚጎድለው የት ላይ እንደሆነ ነው። ከማመንጫ ነው ወይስ ከመስመር? ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መብራቱ የሚጠፋበትን ወርና ሰዓት ማየት ይበቃል። የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው። ስለዚህ የማመንጨት እጥረት ሲኖር የሚታየው የግድቦች ውኃ በሚያንስበት ወቅት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነበር፤ የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ ስለቀነሰ መላ ሀገሪቱ በፈረቃ ገባች፣ ወደ ሱዳን የሚላከው ኃይልም ተቋረጠ። የእናንተ መብራት የሚጠፋው ግን በሐምሌ ዝናብ መሐል፣ በበዓል ዋዜማና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ከሆነ፣ ግድቦቹ ውኃ እየያዙ እያለ እናንተ ጨለማ ውስጥ ናችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጨለማ የሚመነጨው ከፍተኛውን ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ ከሚያሰራጨው ማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ቆጣሪያችሁ ባለው ሽቦ፣ ምሰሶና ትራንስፎርመር ላይ ነው። ግድብ ቢጨመር አይነካውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ደብተር መክፈት ነው። ኃይል በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ የጠፋበትን ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓትና የታየውን ምልክት ጻፉ። ምልክቱ ብዙ ይናገራል። አምፖሉ ቀስ በቀስ ደብዝዞ ከጠፋ ጭነት በዝቷል። ሰፈሩ በሙሉ ሳይሆን ከሦስት ቤት አንዱ ብቻ ከጨለመ ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች አንዱ (ፌዝ) ተቋርጧል፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊዩዝ ጉዳይ ነው። በነፋስና በነጎድጓድ ጊዜ ከሆነ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ፈልጉ፤ በሱሉልታና በእንጦጦ ጀርባ ይህ የተለመደ ነው። ከተማው በሙሉ አብሮ ከጠፋ ችግሩ ከጣቢያው ወደ ከተማው ኃይል በሚያመጣው መጋቢ መስመር ወይም በማከፋፈያ ጣቢያው ነው። አንዱን ምልክት ግን ከሌሎቹ ለይታችሁ ያዙት፦ አምፖሎች ድንገት ከልክ በላይ ደምቀው ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ከተቃጠለ ኒውትራሉ (የጋራ መመለሻው) ሽቦ ተበጥሷል። በዚያን ጊዜ 220 ቮልት መቀበል የነበረበት ቤት እስከ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ወዲያውኑ ዋናውን ማጥፊያ ዝጉ፣ ጎረቤትንም አስጠንቅቁ፣ ሽቦውን ማንም እንዳይነካ አድርጉና ለጥገና ደውሉ።

ደብተሩ ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት ቢይዝ ደስ ይለኛል። ከማንኛውም ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የበለጠ ክብደት አለው።

አሁን ወደ ግድቡ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የሀገሪቱን አቅም ከእጥፍ በላይ አድርሶታል። ለከተማ ዳር ነዋሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ዜና ግን ብዙ ሰው የማያነሳው ነው፦ ከግድቡ ተነሥቶ በደዴሳ በኩል የሚመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያርፈው ሆለታ ነው። ትልቁ ኃይል ደጃፋችሁ ደርሷል ማለት ነው። የግድቡ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ይህም ዓባይ በዚያ ቦታ በዓመት ከሚያፈስሰው ውኃ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ነው። አንድ ክረምት ቢከፋ የሚያሻግር ስንቅ አለን። ከዚህ በፊት ይህን ያህል አልነበረንም፤ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ብቻ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ርቀቱ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ዓባይም፣ ግልገል ጊቤ 3 ያለበት ኦሞም የሚጠብቁት ያንኑ ክረምት ነው። ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ከልክ በላይ መሞቅ) ክረምቱን ሲያሳሳው ሁለቱንም ተፋሰሶች ሊነካ ይችላል። ነፋስ በተቃራኒው በበጋ ይበረታል፤ ፀሐይም እንዲሁ። በአዳማ ያሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ጥቅማቸው ከመጠናቸው ይልቅ በወቅታቸው ነው፤ ውኃው ወደ ታች ሲወርድ እነሱ ይሠራሉ። ከመሬት በታች ያለው እንፋሎት ደግሞ ወቅት አያውቅም፤ ነገር ግን የአሉቶ ላንጋኖው ጣቢያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በ7 ሜጋ ዋት ገደማ አቅም ቀርቷል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ይህ ሁሉ የመንግሥት የዕቅድ ሥራ ስለሆነ አንድ ሰፈር ሊለውጠው አይችልም። ያነሳሁት ጎረቤቶችዎ «ግድቡ ስላለቀ» ሲሉ ያለቀው ምን እንደሆነ እንዲለዩ ነው።

ሰፈራችሁ ሊለውጠው የሚችለው ነገር የሚጀምረው ከምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። በቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ይህን የሚያህል የለም፤ ቴሌቪዥን፣ አምፖሎችና ስልክ መሙያ ተደምረው ከአንድ አሥረኛው አይበልጡም። አሁን አንድ 315 ኪሎ ቮልት አምፒር የሆነ (ወደ 300 ኪሎ ዋት የሚሸከም) ትራንስፎርመር 300 ቤቶችን ያገለግላል እንበል። ለእያንዳንዱ ቤት በአማካይ የሚደርሰው አንድ ኪሎ ዋት ገደማ ነው። በተራ ቀን ይህ ይበቃል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አይጋግርምና። ከቤቶቹ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 100 ቤት፣ በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥድ ግን ለምጣድ ብቻ 350 ኪሎ ዋት ይፈለጋል። ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ አለፈ። የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ዋዜማ ይህን ያመጣል፤ ቅዳሜ ጠዋትም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የባሰው ደግሞ የሚቀጥለው ነው። ጭነት ሲበዛ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት በዚያው መጠን ብቻ አይቀንስም፤ ኃይሉ የሚሰላው በቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ወደ 160 ሲወርድ ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። ምጣዱ አልሞቅ ይላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ በአንድ ሰዓት ይጠናቀቅ የነበረው ጋገራ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። የአንዷ እናት ጋገራ ሳያልቅ የሌላዋ ይጀምራል፤ አብረው የሚሠሩት ምጣዶች ይበዛሉ፤ ቮልቴጁ እንደገና ይወርዳል። በመጨረሻ ፊዩዙ ይቃጠላል፣ ወይም ትራንስፎርመሩ።

ስለዚህ የከተማ ዳር ሰፈር የኃይል ዕቅድ ሲሠራ የአምፖል ቁጥር ሳይሆን የምጣድ ቁጥርና የመጋገሪያ ሰዓት ነው መቆጠር ያለበት። ኮሚቴያችሁ ይህን ከማንም በተሻለ ሊያውቀው ይችላል። እያንዳንዱ ቤት ምጣድ አለው ወይ? በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት ይጋግራል? ሴቶቹን ጠይቁ፤ ኮሚቴው የወንዶች ብቻ ከሆነ ይህ ቁጥር በትክክል አይመጣም። አደራ፣ ወፍጮ ቤት፣ የብረታ ብረት ብየዳ ቤትና የዶሮ እርባታ ካለም መዝግቡ።

ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሳይወጣ የሚገኝ እፎይታ አለ። ትራንስፎርመሩ ሦስት ፌዝ አለው፤ አዳዲስ ቤቶች ሲቀጠሉ ግን አንደኛው ፌዝ ላይ ተከምረው ሌሎቹ ባዶ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። የአካባቢያችሁ የአገልግሎት ማዕከል ባለሙያዎች በበዓል ሰሞን ምሽት መጥተው የሦስቱን ፌዝ ጭነት እንዲለኩ ጠይቁ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ቤቶችን ከፌዝ ወደ ፌዝ ማዛወር የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ጭነት በሌለበት ሰዓት የተለካ ልኬት ግን ምንም አይነግራችሁም።

ስለ ትራንስፎርመር መዋጮ፦ ጄነሬተሩን ከመግዛት በብዙ ይሻላል፣ ግን ሁለት ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አንደኛ፣ ወደ ሰፈሩ የሚገባው የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ተጨማሪ ጭነት የመሸከም አቅም እንዳለው በጽሑፍ ይነገራችሁ፤ መስመሩ ከሞላ አዲሱ ትራንስፎርመር ያንኑ ጥቂት ኃይል ለሁለት ከመክፈል አያልፍም። ሁለተኛ፣ አንድ ትልቅ ከምትተክሉ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮችን አራርቃችሁ ትከሉ። ሽቦው ያጥራል፣ የመጨረሻው ቤት ቮልቴጅ ይሻሻላል፣ አንዱ ቢበላሽም ሰፈሩ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም።

ጄነሬተሩን ለምን እንደምቃወም ሒሳቡ ይናገራል። አንድ ሊትር ናፍጣ በጥሩ ጄነሬተር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥረው መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። ናፍጣ በሊትር ከ100 ብር በላይ በሆነበት ዘመን ለነዳጅ ብቻ በኪሎ ዋት ሰዓት ከ30 ብር በላይ ትከፍላላችሁ፤ ዘይቱ፣ ጥገናውና ጠባቂው ገና አልተቆጠረም። ናፍጣውም ከጅቡቲ በቦቴ የሚመጣ ነው። ሰልፍ በሚበዛበት ሰሞን እናንተም ሰልፍ ላይ ትቆማላችሁ። ለጤና ጣቢያ ትንሽ ጄነሬተር ይገባኛል፤ ለ300 ምጣድ ግን አቅም የሚበላ ምኞት ነው።

አሁን ወደ 15 ዓመቱ። የሰፈራችሁ የኃይል ፍላጎት በየዓመቱ በ10 በመቶ ቢያድግ፣ በ7 ዓመት እጥፍ፣ በ15 ዓመት ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ለከተማ ዳር 10 በመቶ የተጋነነ ግምት አይመስለኝም። ቤት እየተሠራ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በየግቢው እየታየ ነው። በቤት የሚተከለው የተለመደ ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህ ሁለት ምጣድ ነው፤ ለዚያውም ለሰዓታት ሳይቋረጥ። መኪናው 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚበቃው ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ ቀስ ብሎ ቢሞላ ማንንም አይጎዳም። ሁሉም ከሥራ እንደተመለሰ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከሰካው ግን የእራቱ ሰዓት ላይ ይደረባል። ከአሁኑ የሰፈር ስምምነት ቢኖራችሁ ጥሩ ነው፤ መኪናው አሥር ሲደርስ ለመስማማት ይዘገያል።

አራት እጥፍ ጭነት በነባሩ የ15 ኪሎ ቮልት መስመር አይሄድም። መስመሩ ወደ 33 ኪሎ ቮልት ቢያድግ ያንኑ ኃይል በዚያው ሽቦ ለማድረስ የሚባክነው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ረጅም መስመር ላላቸው ዳር ሰፈሮች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ከዚያም የሚበልጠው የማከፋፈያ ጣቢያ መሬት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ አይፍረዱብኝ። ሽቦ ይገዛል፣ ትራንስፎርመር ይመጣል፤ ቤት የተሠራበት መሬት ግን አይመለስም። ለአንድ የ132 ኪሎ ቮልት ማከፋፈያ ጣቢያ አንድ ወይም ሁለት ሔክታር፣ ወደ እሱ ለሚገባው መስመርም በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ስፋት ያለው ነጻ መተላለፊያ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት እንዴት እንደሚያልቅ አይታችኋል። ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ከገባች ወዲህ መሪ ዕቅድ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ ኮሚቴያችሁ እዚያ ሄዶ «ለማከፋፈያ ጣቢያና ለመስመር መተላለፊያ የተከለለው ቦታ የትኛው ነው? በካርታው ላይ አሳዩን» ብሎ መጠየቅ አለበት። ካልተከለለ ዛሬ ይከለል። መሬቱን የሚያስተዳድረው አንድ አካል፣ መስመሩን የሚዘረጋው ሌላ አካል ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም ማመንጨቱና ከፍተኛ መስመሩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭቱና ቆጣሪው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተከፍሏል። ነዋሪው ካላገናኛቸው ሁሉም የራሱን ወረቀት ይዞ ይቀመጣል።

ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ፦ ወደ ሱሉልታ የሚገባው ኃይል ከሁለት አቅጣጫ እንዲመጣ። አንድ መጋቢ መስመር ብቻ ያለው ከተማ በአንድ የወደቀ ዛፍ ይጨልማል። ሁለት መስመሮች ከተለያዩ ጣቢያዎች መጥተው በመሐል በማገናኛ ከተያያዙ፣ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው በደቂቃዎች ውስጥ ይረከባል።

የወጥ ቤቱ ነገር ግን በሽቦ ብቻ አያልቅም። ጎረቤታችሁ አዲስ አበባ በማገዶ ምክንያት ልትፈርስ ተቃርባ ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በእንጦጦ ዙሪያ ያለው ደን ተመናምኖ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን አዲስ ዓለም ወደተባለችው ከተማ ለማዛወር አስበው እዚያ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። እናቶች ዛሬም ከእንጦጦ ጀርባ የማገዶ ሸክማቸውን ይዘው የሚወርዱት ባሕር ዛፉ ከተተከለ ወዲህ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈራችሁ የሚመለሰው ወደዚያው ማገዶና ወደ ከሰል ነው፤ ከሰል ደግሞ በባህላዊው የአፈር ክምር ሲከሰል ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ እንጨት ለአንድ ኪሎ ከሰል ይፈጃል። ማገዶውን በአንድ ጀምበር ማስቀረት አይቻልም፤ ማሳነስ ግን ይቻላል። «ምርጥ» የሚባለው ዙሪያው የተሸፈነ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ «ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃም ከሰል ይቆጥባል። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል አንድ ምርጥ ምድጃ በየግቢው ይኑር እላለሁ፤ በጀትም ብዙ አይነካም።

ሱሉልታ የወተት ላም ሀገር በመሆኗ ባዮጋዝ ብዙ ጊዜ ይነሣል። አራት ላም ላለው ቤት ለወጥና ለቡና ይበቃል፤ እበቱም ከወጣ በኋላ ምርጥ ማዳበሪያ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ሰፊና ኃይለኛ ነበልባል ስለሚፈልግ እምብዛም አይመቸውም። ብርዱም እንቅፋት ነው፤ ጉድጓዱ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ያንሳል፤ በሱሉልታ ከፍታ ይህ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታያል።

ሶላርን በተመለከተ፣ ለምጣድ አታስቡት። ለውኃ ግን ከሁሉም በላይ እሱን ነው የምመክረው። ውኃችሁ ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውኃም ይጠፋል፤ ሁለት ችግር በአንድ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በአቃቂ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣው የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን በደንብ ያውቀዋል። በፓምፑ ላይ ሶላር ተጨምሮ ከፍ ያለ ታንከር ቢሠራ፣ ቀን በፀሐይ ታንከሩ ይሞላል፣ ማታ ውኃው በራሱ ይወርዳል፤ ውድ ባትሪም አያስፈልግም። ፀሐዩ የሚበረታው ውኃ ይበልጥ በሚፈለግበት በበጋ ነው። በክረምት ደመና ሲበዛ መስመሩ ይረዳዋል። ለጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣም እንዲሁ ይደረግ።

የጋራ መጋገሪያ ቤትም ቢታሰብ መልካም ነው። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ለእንዲህ ያለ ሥራ የጋራ ሕንፃ ተሠርቶ ነበር። በሦስት ፌዝ መስመርና በራሱ ቆጣሪ የሚሠራ፣ ሙቀት እንዳያባክን የተሸፈነ ምጣድ ያለው ቤት አንድ ጊዜ ከጋለ ሳይቀዘቅዝ በተከታታይ ይጋግራል፤ በየቤቱ ምጣድ ለማጋል የሚባክነው የመጀመሪያ 10 እና 15 ደቂቃ ይቀራል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተወሰነ ይህ ቁጠባ በየዓመቱ የበለጠ ይታወቃችኋል። ለሥራ አጥ ሴቶችም ገቢ ይሆናል። ግን ማንም ተገድዶ አይግባ፤ እንጀራ በራስ እጅ መጋገር ለብዙ ቤት ክብር ነው።

ማመልከቻውን ስትጽፉ ደብተሩን፣ የምጣድ ቆጠራውንና በበዓል ሰሞን የተለካውን የፌዝ ጭነት አያይዙ። ጥያቄዎቹም ለየብቻ ይቅረቡ፦ የፌዝ ማመጣጠንና የምሰሶ መቀየር ለዘንድሮ፣ ተጨማሪ ትራንስፎርመሮች ለመጪው ዓመት፣ ሁለተኛ መጋቢ መስመርና የ33 ኪሎ ቮልት ማሻሻያ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ የማከፋፈያ ጣቢያ መሬት ግን ዛሬውኑ። አንዱ ግልባጭ ለአገልግሎት ማዕከሉ፣ አንዱ ለከተማ አስተዳደሩ የመሬትና የመሪ ዕቅድ ክፍል ይሂድ፤ የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዕቅድ የሚሰበሰበው ቀደም ብሎ ነው፤ ወረቀታችሁ እስከ የካቲት መጨረሻ ጠረጴዛቸው ላይ ካልደረሰ የሚታየው ለቀጣዩ ዓመት ይሆናል።